የናሆም ተክል

የመትከያ ዕቃዋ በተቀየረ በአምስተኛው ቀን ማለዳ የናሆም ተክል ቅጠሎቿን ሁሉ ወደ ታች ለቃ ተገኘች። እንደ ተዘረጋ እጅ የነበረው ባለ ሰባት ጣት ቅጠል ተጨምድዶ ግንዱን ታክኮ ተንጠልጥሏል። ፌቨን መብራቱን ሳታበራ ቆማ አየቻት። ከዚያ ወደ መኝታ ቤቱ ዞር ብላ ባሏ ነቅቶ እንደሆን አዳመጠች። አልነቃም።

አስታዋሹ ከግድግዳው ውስጥ ተናገረ።

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ ፌቨን። የተክሉ ሁኔታ፣ ቀይ። የአፈሩ እርጥበት፣ ስልሳ አንድ በመቶ። ውሃ በዝቷል፤ ዛሬም አያጠጡ። ሰባ ሁለት ሰዓቱ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይሞላል።»

«ሰማሁ» አለች።

«ስላዳመጡ እናመሰግናለን።»

ፌቨን የአሮጊት ስም ከሆነ ሰንብቷል። በሕንፃው ውስጥ ያሉት ሜላቶች፣ ኤፍራታዎችና ሶልያናዎች በሙሉ ሰባን ያለፉ ናቸው፤ የዛሬ ሕፃናት ወደ ቅድመ አያቶቻቸው ስም ተመልሰው ተዋበችና ደመላሽ ይባላሉ። እሷም በመጪው ጥር ሰባ አራት ትሞላለች። ድሬዳዋ ተወልዳ ድሬዳዋ አርጅታለች። እዚያው ሠላሳ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ስታስተምር ስለ ወንዞች የነገረቻቸው ተማሪዎች ዛሬ ወንዝ ያላዩ የልጅ ልጆች አሏቸው። አንቱ መባልን ግን እስካሁን አልለመደችውም። የድሬ ሰው ቄሱንም ሼኹንም «አንተ» እያለ ያደገ ነው። ግድግዳው በየማለዳው «እርስዎ» ሲላት በገዛ ቤቷ እንግዳ የሆነች ይመስላታል።

ባሏ ናሆም በወጣትነቱ የጫት መኪና ነጂ ነበር። ከአወዳይ ጭኖ የደንገጎን ቁልቁለት እንደ ድንጋይ ናዳ ይወርደው የነበረ ሰው ነው። ዛሬ ከአልጋው እስከ ወንበሩ ያሉትን ስምንት እርምጃዎች በእሷ ትከሻ ነው የሚያልፋቸው። ነርቩ ነው ይባላል። ከወገቡ በታች ያለው ጡንቻ ድንገት ይቆለፋል፣ እንደ ገመድ ይከርራል፤ ያኔ ናሆም አይጮህም፤ ጥርሱን ነክሶ ጣሪያውን ያያል። ከአራት ዓመት በፊት የቤት መድኃኒት ጽሕፈት ቤት አንድ የካናቢስ ተክል በስሙ ሰጠው። ይቺ ሦስተኛዋ ናት። ከጫፏ የሚቆረጠው አበባ በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይሄዳል፤ በምትኩ በትንሽ ብልቃጥ ዘይት ይመጣል። ጠዋት አራት ጠብታ፣ ማታ አራት ጠብታ፣ ከምላስ ሥር።

ናሆም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው፣ አብሮት ይማር የነበረ ልጅ ይህንኑ ቅጠል በክብሪት ቀፎ ይዞ ተገኝቶ ታስሮ ነበር። «ያኔ ያዝከው ብለው አሰሩት» ይላል ናሆም፣ «እኔን ደግሞ አላጠጣኸውም ብለው ሊያስሩኝ ነው።»

ማሰር የለም። ያለው ስረዛ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ቀይ ያሳየ ተክል ይሰረዛል፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ በከረጢት ይወስደዋል። በሽተኛው ወደ ወረፋ ይገባል፤ ወረፋው እስከ አሥራ አንድ ወር ይፈጃል። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ እቤቱ አይጠብቅም። ወደ ደንገጎው ማረፊያ ይወጣል፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሰው መስኮት አለው ይባላል። አስታማሚ ግን አያስገቡም። ፌቨን ከሕንፃው ወደዚያ የሄዱ ስድስት ሰዎችን ታውቃለች። የተመለሰ አታውቅም።

ዕቃውን የቀየረችው ቅዳሜ ነበር። በደንቡ መሠረት ተክል አምስት ወር ሲሞላው ከትንሹ ዕቃ ወደ ትልቁ ይዛወራል። ትልቁ ዕቃ፣ አፈሩና ማኅተሙ በአንድ ሣጥን ታሽገው መጡ። አፈር ተባለ እንጂ አፈር አይደለም፤ ቡናማ፣ ቀላል፣ ምንም የማይሸት ብናኝ ነው። አስታዋሹ ደረጃ በደረጃ አዘዛት። ተክሉን ከነአፈሩ ያውጡ። ሥሩን አይንኩ። በትልቁ ዕቃ መሃል ያስቀምጡ። ዙሪያውን ይሙሉ። አንድ ሊትር ያጠጡ። ክዳኑን ይግጠሙ። ማኅተሙን ይጫኑ።

ተክሏን ከትንሹ ዕቃ መዝዛ ስታወጣት ፌቨን ሥሩን አየችው። የዕቃውን ቅርጽ ይዞ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ተጠምጥሞ እንደ ክር ድውር ጠጥሮ ነበር። እጇ በራሱ ጊዜ ወደዚያ ሄደ።

«ሥሩን አይንኩ» አለ አስታዋሹ።

እጇን መለሰች። ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳት ያ እጇን የመለሰችበት ቅጽበት ነው።

አባቷ ሸዋንግዛው ችግኝ ሻጭ ነበር። የደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ በሆነው መሬት ጠርዝ ላይ፣ በአሮጌ ጆንያ ጥላ ሥር በጥቁር ላስቲክ የተደረደሩ የፓፓያ፣ የማንጎ፣ የሎሚና የዘይቱን ችግኞች ነበሩት። ፌቨን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ከጆንያው ላይ ጥላ ውሃ ታመላልስ ነበር። የረጠበው አፈር ሽታ፣ በአስፋልቱ የሚያልፈው የባጃጅ ጡሩምባ፣ አባቷ ለማባበያ ያህል አንድ ሙሸበክ፣ በስኳር የተነከረ ጥብስ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ከኪሱ ሲያወጣላት ጣቶቿ ላይ የሚቀረው ስኳር፤ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚመጣባት። ሰው የደከመ ችግኝ ይዞ ይመጣ ነበር። «ሸዋንግዛው፣ ይኼ ያንተ ፓፓያ ሞተብኝ» ይሉታል። እሱ ግን መጀመሪያ አይናገርም። ቅጠሉን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ይዞ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ሐር እንደሚመርጥ ነጋዴ ያሽ ነበር።

«ቅጠል የሚወርደው በሦስት ምክንያት ነው» ይላት ነበር። «ከቦታው ስላነሡት የደነገጠ ቀን ይወርዳል፣ ፀሐይ ስትበርድ ይነሣል። ውሃ የበዛበት እንደ በላ ሆድ ተነፍቶ ነው የሚወርደው፤ ጠንካራ ነው፣ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። የጠማው ግን ይሳሳል። እንደ አሮጌ ጋዜጣ ነው።»

በዚያው ዕለት፣ ረቡዕ አመሻሽ ላይ ፌቨን የክፍሉን ማቀዝቀዣ ከፍ አድርጋ ሁለት ሰዓት ያህል ተክሏ ፊት ተቀመጠች። አልተነሣችም። ስለዚህ ድንጋጤ አይደለም። ደንቡ የሚያዘውን ጓንት አውልቃ አንዱን ቅጠል ያዘችው። ጠንካራ አይደለም፣ አልተነፋም። በጣቶቿ መሃል ምንም የያዘች አይመስልም ነበር። ከዚያ ዕቃውን በሁለት እጇ አቅፋ ከመሬት ትንሽ አነሣችው፤ ውሃ ጠግቧል ለተባለ ዕቃ እጅግ ቀላል ነበር።

«ጠምቷታል» አለች።

ናሆም ከወንበሩ ላይ ሆኖ ያያት ነበር። «ስልሳ አንድ ነው የሚለው እኮ።»

«እርጥበቱን የሚለካው መርፌ ያለው አዲሱ አፈር ውስጥ ነው። አዲሱ አፈር ረጥቧል። አሮጌው፣ መሃል ያለው፣ ሥሩ ያለበት፣ ደርቋል። ደርቆ ስለጠጠረ ውሃ ቢያፈሱበት በጎን ነው የሚያልፈው። አባቴ ላስቲክ ውስጥ የቆየ ችግኝ ሲመጣለት ሁልጊዜ...» እጇ ማኅተሙ ላይ ነበር።

«ፌቪ።»

«አንዴ ብቻ ልክፈተውና...»

«ፌቪዬ፣ እጅሽን አንሺ። ተክል ቢሰረዝብኝ ዓመት ጠብቄ እመለሳለሁ እንበል። ማኅተም የፈታ ሰው ግን ዳግመኛ አስታማሚ አይሆንም። ብመለስ ማን ጋ ነው የምመለሰው?»

እጇን አነሣች። በዚያ ምሽት ሦስት ጠብታ ሰጠችው። ከሰኞ ጀምሮ ሦስት ሦስት ነው የምትሰጠው፤ እሱም አውቋል፣ አልተናገረም።

ተቆጣጣሪዋ ሐሙስ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደወለች። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ግራጫ ካፖርት፣ ግራጫ ሻሽ፣ በአንድ እጇ የመሣሪያ ሣጥን፣ በሌላው የታጠፈ ጥቁር ከረጢት። ሙኒራ ነው ስሟ፤ ደረቷ ላይ ተጽፏል። ቶሎ መጨረስ ነበረባት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት የጥላ ሰዓት ነው፤ ደወሉ ከተደወለ በኋላ ሰውም መኪናም ደጅ አይወጣም።

«ወይዘሮ ፌቨን፣ ስለደረሰው ነገር ጽሕፈት ቤቱ ያዝናል» አለችና ረጅሟን መርፌ በክዳኑ ቀዳዳ አስገባች። «ስልሳ አንድ። ውሃ በዝቶበታል።»

«ልጄ፣ ጓንትሽን አውልቂ።»

«ይቅርታ?»

«ስንት ዓመት ሠራሽ?»

«ሦስት።»

«ቅጠል በጣትሽ ነክተሽ ታውቂያለሽ?»

ሙኒራ ሰዓቷን አየች። ከዚያ፣ አሮጊትን ላለማስቀየም ይሁን፣ ራሷም ሳታውቀው ይሁን፣ የቀኝ እጇን ጓንት ሳበችው። ፌቨን የልጅቷን ጣቶች ይዛ ቅጠሉ ላይ አደረገቻቸው።

«ሰው ውሃ ሲበዛበት እግሩ ምን ይሆናል?»

«ያብጣል።»

«ይቺ አብጣለች?»

ሙኒራ ቅጠሉን አሸት አደረገችው። «አይ። እንደ... ባዶ ነገር ናት።»

«መሃሏ ደርቆ ነው። አንዴ ክፈቺልኝና ይቺን እንጨት ልስደድባት።» ከአሮጌ መሳቢያ የሰነጠቀቻትን ቀጭን እንጨት ከቀሚሷ ኪስ አወጣች። «ረጥባ ከወጣች እኔው ራሴ ከረጢቱ ውስጥ እከታታለሁ።»

«አልችልም እማማ። ማኅተም የሚፈታልኝ ስረዛ ስመዘግብ ብቻ ነው። መሣሪያው ሌላ አይፈቅድም።»

«እንግዲያው ሰርዢያታ!» አለ ናሆም ከወንበሩ።

ሁለቱም ዞር አሉ። ፌቨን የሰማችውን አላመነችም። ባሏ ግን ፈገግ ብሎ ነበር፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት ኬላ ላይ ፖሊስ ሲያነጋግር የምታውቀው ፈገግታ ነው።

«ስረዛው የሚጸናው መቼ ነው?» አላት ልጅቷን።

«ተክሉ ከበር ሲወጣ።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

ሙኒራ ሰዓቷን አየች። ለሦስት ሰባት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። የናሆም አባባል ገባት፤ ደወሉ ከተደወለ ተክሉ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከበር ሊወጣ አይችልም። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲመጣና ሲመለስ ፌቨን አየች፤ ፍርሃት ነው፣ ከፍርሃቱ ሥር ግን ሌላም ነገር አለ። ልጅቷ ቅጠሉን ዳግም ነካችው። ከዚያ መሣሪያዋን ከፍታ ጥቂት ነገር ጻፈች። ማኅተሙ ጠቅ ብሎ ተፈታ።

«የናሆም ተክል ተሰርዟል» አለ አስታዋሹ። «ወደ ከረጢት ያስገቡና ከቤት ያውጡ።»

ሦስቱም ተቀምጠው ደወሉን ጠበቁ። ከታች ነጂ የሌላት የሙኒራ መኪና ሁለት ጊዜ ጠራቻት፤ ከዚያ ብቻዋን ሄደች። የጥላ ሰዓት ደወል በከተማው ላይ ረጅም ድምፁን ለቀቀ፣ የሕንፃው በሮች አንድ ባንድ ተቆለፉ።

ፌቨን ጊዜ አላባከነችም። እንጨቱን መጀመሪያ ከዕቃው ጠርዝ በኩል አስገባችው፤ ጠቁሮና ረጥቦ ወጣ። ከዚያ ከግንዱ አጠገብ፣ ከመሃል ሰደደችው። ገፍታ ገፍታ ነው የገባላት። ስታወጣው ነጭ ነበር። ጫፉ ላይ ጥቂት አቧራ ነበረበት፤ ሙኒራ እፍ ስትልበት በነነ።

«ሳፋውን ከመታጠቢያ ቤት አምጪልኝ» አለች ፌቨን።

የዕለቱ ውሃ አሥራ አምስት ሊትር ናት፤ ለመጠጥ፣ ለመብል፣ ናሆምን ለማጠብ። ተክሏን ለመንከር አሥራ ሁለቱ ያስፈልጋል። ፌቨን ባሏን አየችው።

«እኔ ዛሬ ብታጠብስ ማን ሊያገባኝ ነው?» አለ።

ተክሏን አወጧት። ሥሩ ቅዳሜ እንዳየችው ነበር፤ ክብ፣ ጠጣር፣ ራሱን በራሱ ያሰረ። አንዲትም ነጭ ሥር ወደ አዲሱ አፈር አልተሻገረችም። ፌቨን በምላጭ አራት ቦታ ከላይ ወደ ታች ሰነጠቀችው፣ በጣቶቿ ቀስ እያለች ፈታችው። እጆቿ ሥራውን አልረሱትም። የአባቷ ድምፅ መጣላት፤ «አትፍሪ፤ ትንሽ ብታቆስይው ይሻለዋል፣ እንደታሰረ ከሚኖር።» ከዚያ ድውሩን በሳፋው ውሃ ውስጥ ይዛ አጠለቀችው።

አረፋ መጣ። በመጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ከዚያ እንደሚፈላ ድስት ተንተከተከ። ሙኒራ በጉልበቷ ተንበርክካ አየችው።

«ምንድን ነው?»

«አየር ነው። መሃሉ ባዶ ነበር ማለት ነው። አረፋው ሲያቆም ጠግቧል።»

«ተክሉን ወደ ከረጢት ያስገቡና ከቤት ያውጡ» አለ አስታዋሹ። ቀኑን ሙሉ በየሩብ ሰዓቱ፣ ሳይቆጣ፣ ሳይሰለቸው፣ ይህንኑ ሲል ዋለ። ናሆም በየጊዜው «እሺ የኔ ልጅ» ይለዋል።

አረፋው ለመቆም ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ተክሏን ወደ ዕቃዋ መለሷት፤ ዙሪያዋን አለሰለሱላት። ከዚህ በኋላ የሚሠራ ነገር አልነበረም። መጠበቅ ብቻ።

ሙኒራ ካፖርቷን አውልቃ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሥራ ከጀመረች ወዲህ ሰው ቤት ውስጥ ሙሉ ቀን ስትውል የመጀመሪያዋ ነበር። በተዘጋው መስኮት ስንጥቅ ውጭውን አየች፤ ሰው የሌለበት መንገድ፣ እንደ ብረት ምጣድ የሚያበራ አስፋልት።

«እውነት ድሮ በቀን ይወጣ ነበር?»

«በቀን ነው እንጂ!» አለ ናሆም። «ከዚራ ሰፈር ከዛፉ ብዛት ፀሐይ መሬት አይነካም ነበር። ከጥላ ወደ ጥላ እየዘለልሽ ከባቡር ጣቢያው እስከ ወንዙ ትደርሻለሽ።»

«ሙቀት አልነበረም?»

«ነበር» አለች ፌቨን። «ያኔም ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሱቁ ሁሉ ይዘጋ ነበር፤ ሰው በሸርጥ ተጠቅልሎ ይተኛል። ግን የምንዘጋው ራሳችን ነበርን። ሲበርድልን ራሳችን እንከፍታለን። አመሻሹ ላይ ሰው ወንበሩን ይዞ ደጅ ይወጣል፣ መንገዱ ላይ ውሃ ይረጫል። አባቴ ያልሸጣቸውን ችግኞች ለሚያልፍ ሰው ሲሰጥ ያመሽ ነበር። 'ከምታልፍ ትከላት' እያለ።»

«ምን ያህል ዛፍ ተከለ?»

ፌቨን አሰበች። «እሱ አንድም አልተከለም። ሰው ነው የተከለው። አንድ ዘመን ከዚህ እስከ ሳቢያን ስትሄጂ ሁለት ማንጎ ካየሽ አንዱ ከሱ እጅ የወጣ ነው። ከእነዚያ አንድ እንኳ እስከ ዛሬ ቆሞ ቢሆን ይዤሽ ሄጄ አሳይሽ ነበር።»

ስምንት ሰዓት ላይ ናሆም ዝም አለ። ፌቨን ወዲያው አወቀች። ከወንበሩ ጠርዝ ላይ የነበሩት ጣቶቹ ነጥተዋል፣ እግሮቹ ወደፊት ተገትረዋል፣ ዐይኑ ጣሪያው ላይ ነው። «ያዢልኝ!» አለች፣ ሙኒራ ግን ምን እንደምትይዝ አላወቀችም። «እግሩን፣ ተረከዙን፣ ወደ ላይ ግፊው፣ አትልቀቂ!» ልጅቷ በጉልበቷ ወድቃ የሽማግሌውን ተረከዝ በሁለት እጇ ያዘች። ድንጋይ የያዘች መሰላት። ፌቨን ሙሉ አራቱን ጠብታ ከምላሱ ሥር አኖረች። ብልቃጡን ስታጋድለው የቀረው ሁለት ጣት አይሞላም ነበር። ለሃያ ደቂቃ ያህል ሦስቱም እንደዚያው ሆነው ቆዩ። ከዚያ ጡንቻው ከሙኒራ መዳፍ ሥር ቀስ በቀስ ሲለሰልስ ተሰማት።

«ሁሉም እንዲህ ናቸው?» አለች በቀስታ።

«በሽተኞቹን አታዪያቸውም?»

«ከመኝታ ቤት አይወጡም። እኔ ተክሉን ነው የማየው።»

ፌቨን የባሏን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች። ሊያንቀላፋ ነበር፤ ከዚያ ግን ዐይኑን ገለጥ አድርጎ ከእነሱ ጀርባ ወዳለው ነገር አየ።

«እንግዲህ» አለ፣ «የምተኛው እናንተ ዞራችሁ ካያችሁ በኋላ ነው።»

ከሁሉ በላይ ያለው ቅጠል ተነሥቶ ነበር። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ከአንገቱ ቀና እንዳለ ሰው። ፌቨን ተንፍሳ የማታውቅ ይመስል ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ቅጠሎች ተነሡ። አሥር ሰዓት ላይ መካከለኞቹ ተዘረጉ። ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ቢያዩ እንቅስቃሴው አይታይም፤ ወሬ ጀምረው ዞር ብለው ሲያዩ ግን ሌላ ቦታ ደርሷል። ከታች ያሉት ሁለቱ ቢጫ ሆነው ቀሩ። ፌቨን ቆረጠቻቸው።

ሙኒራ ብዙ አልተደሰተችም። ጉልበቷን አቅፋ ተክሏን ትመለከት ነበር።

«ባለፈው ወር አሥራ ሰባት ሰርዣለሁ» አለች በመጨረሻ። «አሥራ አራቱ ዕቃ የተቀየረላቸው ናቸው። ሁሉም ስልሳ፣ ስልሳ ሁለት ነበር የሚያሳዩት። እርጥብ ነው ብዬ ነው የወሰድኳቸው።»

ፌቨን አስተማሪ በነበረችበት ዘመን አንድ ልጅ ከባድ ነገር ሲገባው ዝም ብላ ትተወው ነበር። አሁንም ተነሥታ የቆረጠቻቸውን ቢጫ ቅጠሎች ሰበሰበች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ፣ በሮቹ ተከፈቱ። ሙኒራ መሣሪያዋን አነሣች።

«ስረዛው ይነሣ።»

«የተነሣበት ምክንያት?» አለ አስታዋሹ።

«መሃሉ ደርቆ ነበር።»

«ምክንያቱ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያልታወቀ ብዬ ልመዝግብ?»

«አይደለም፤ ታውቋል። ያልኩህን ጻፍ።»

«ተጽፏል። ተቆጣጣሪዋ በሰባት ቀን ውስጥ ማብራሪያ እንድትሰጥ ትጠየቃለች።»

ሙኒራ ማኅተሙን መልሳ ጫነችው፣ ካፖርቷን ለበሰች፣ ከረጢቱን አጥፋ ያዘች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ዛሬ አንድ የቀረኝ ቤት አለ። ለገሃሬ። ዕቃ ከተቀየረ ስድስተኛ ቀኑ ነው።» ፌቨንን አየቻት። «እኔ ቅጠሉን ብነካው የሚነግረኝን አላውቅም ገና።»

ፌቨን ወደ ባሏ ዞረች። ናሆም በዐይኑ በሩን አሳያት። ነጠላዋን አነሣች፤ ምላጩንና እንጨቱን ኪሷ ከተተች።

የለገሃሬው ቤት በር የተከፈተው ገና ሳያንኳኩ ነው። ጀማል የሚባል ስድሳ የሚጠጋው ሰው ነበር፤ ሁለት ሻንጣ ኮሪደሩ ላይ አዘጋጅቷል። ሳሎኑ ውስጥ እናቱ ዘይነብ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ዘጠና ዓመት ይሆናታል። አዲስ ሽቲ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ ለመንገድ የሚደረግ ጫማ ክሩ እስከ ላይ ድረስ ታስሮላት፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ትጠብቃለች።

«መኪናው መጣ?» አለች ወደ በሩ።

ፌቨን በአጠገቧ አልፋ መስኮቱ ሥር ወዳለችው ተክል ሄደች። ቅጠሎቿ ሁሉ ተንጠልጥለው ነበር። አንዱን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ያዘች፣ ዐይኗን ጨፈነች፣ አሸችው። ሙኒራና ጀማል አዩዋት።

ቅጠሉ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ሳስቶ ነበር፤ ፌቨን ዐይኗን ገለጠች። ተመልሳ መጣችና አሮጊቷ ፊት በጉልበቷ ተንበረከከች። የጫማዋን ክር መፍታት ጀመረች።